የጎንደር ተማሪ የማን ልጅ ነው?

ሰኞ ለባቲ ሰው ከሳምንቱ ቀኖች ሁሉ የበለጠ ነው። አፋሩ ከቆላው ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ፣ ገበሬው ከደጋው እህሉንና ማሩን በአህያ ጭኖ፣ ኦሮሞውና አማራው የየራሱን ይዞ የሚገናኘው በዚሁ ቀን ነው። ጨው፣ ቡና፣ በርበሬ፣ ቅቤ፣ የቀንድ ከብት፤ የማይገኝ ነገር የለም። ባቲ ከአራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን ለአንዱ ስሟን የሰጠች ከተማ ናት፤ በገበያዋ ቀን ግን ከዜማው ይልቅ የግመሉ ጩኸትና የሻጩ ድምፅ ይበልጣል።

በቅርቡ በአንድ ሰኞ፣ የከሰዓቱን ትምህርት ጨርሼ በገበያው መካከል ሳልፍ፣ ቡናና ዕጣን የሚሸጡ አንዲት እናት በእጃቸው ጠቅሰው ጠሩኝ። ልጃቸውን አምና በ12ኛ ክፍል ሥነ ሕይወት አስተምሬያታለሁ።

«መምህር፣ ልጂቱን ጎንደር ደረሳት አሉ» አሉኝ።

«አዎን እናቴ፣ ሰምቻለሁ። እንኳን ደስ አለዎት!»

«ለደስታውስ አልሐምዱሊላህ። ደሴ ቢሆን ኖሮ በየሳምንቱ ደርሼ አያት ነበር። ጎንደርን ግን እኔም አባቷም አናውቀው። አንተ እዚያ የተማርህ ነህ፤ እስኪ እውነቱን ንገረኝ፤ በዚያ አገር ማን አላት?»

ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ስለ ማደሪያው ቢጠይቁኝ ኖሮ መልሱ በአፌ ላይ ነበር። «ማን አላት?» ሲሉኝ ግን ቶሎ የምመልሰው ነገር አጣሁ። «በሚመጣው ሰኞ እነግርዎታለሁ» ብዬ ተሰናበትኋቸው። ይህን ጽሑፍም የጻፍሁት ለእሳቸውና እንደ እሳቸው ለሚጨነቁ ወላጆች ሁሉ ነው።

ጥያቄው ዋዛ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2015 ዓ.ም. ከመቶ ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት 3 ያህል ብቻ እንደ ነበሩ የሚዘነጋ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ በጥቂቱ ቢሻሻልም፣ ከአንድ የወረዳ ከተማ ትምህርት ቤት አንዲት ልጅ አልፋ ስትገኝ ለቤተ ሰቧ ብቻ ሳይሆን ለሰፈሩ ሁሉ ትልቅ ነገር ነው። ታዲያ ይህን ያህል ደክማ ያገኘችውን ዕድል «ሰው የላትም» በማለት ቤት ብናስቀራት ጉዳቱ ቀላል አይሆንም። ሰው ሳይኖራት ብንልካትም እንዲሁ።

ከቆላው ወደ ጎንደር

እኔ ራሴ ወደ ጎንደር የሄድሁት በ2012 ዓ.ም. ነው። ከባቲ ተነሥቶ ኮምቦልቻን፣ ደሴን፣ ወልዲያን፣ ጋሸናን፣ ደብረ ታቦርን፣ ወረታን አልፎ ጎንደር ለመግባት ያን ጊዜ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። አባቴ በኮምቦልቻ አውቶቡስ ተራ ሲሰናበተኝ የሰጠኝ አንድ ጋቢና አንድ ምክር ነበር። ምክሩም «ሰው ስታገኝ ቀድመህ ሰላም በል» የሚል ነው። በቆላ አድጌ ስለ ነበር በመጀመሪያው ሌሊት ከምክሩ ይልቅ ጋቢው ጠቀመኝ። ምክሩ የጠቀመኝ ግን ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ሁሉ ነው።

ጎንደር ከ1636 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ገደማ ጀምሮ አፄ ፋሲል የመናገሻ ከተማ ያደረጓት፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይም የነገሥታት መቀመጫ የነበረች ከተማ ናት። ግንቦቿን ዓለም ሁሉ ያውቃቸዋል፤ በ1979 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ በመላእክት ፊት ተሞልቶ ላየው ሰው አንገቱ እስኪደክመው ድረስ ቀና እንዳለ ያስቀረዋል። በጥምቀት ሳምንት የፋሲል መዋኛ ውሃ ተሞልቶ፣ ወጣቱ ገና ጎሕ ሲቀድ ወደ ውሃው ሲወረወር ማየትም ከማይረሱ ነገሮች አንዱ ነው።

ይሁን እንጂ ተማሪ ለሆነ ሰው ጎንደር ግንብ ብቻ አይደለችም። ለተማሪ ጎንደር ማለት የሚያስታውሰው የጭን መጽሐፍ፣ ጽሑፍ የሚያባዛበት ትንሽ ሱቅ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ዳቦና ሻይ የሚገኝባት በረንዳ፣ ከማራኪ ግቢ እስከ ፒያሳ በእግር የሚወጣው ዳገት ነው። በማደሪያችን ክፍል ስድስት ነበርን። አንዱ ከወላይታ፣ አንዱ ከጅማ፣ አንዱ ከጅግጅጋ፣ ሁለቱ ከጎጃም፣ እኔ ከባቲ። የባቲ ልጅ መሆኔን በሰሙ ጊዜ «እንግዲያው ባቲን ዝፈንልን» ብለው ያዙኝ። እኔ ደግሞ ዘፈን የሚባል ነገር አይሆንልኝም። አንድ ቀን ተገድጄ ብጀምር የጅማው ልጅ «ይህስ ከአራቱም ቅኝት አይደለም» ብሎ አሳቀብኝ። ከእሱ ጋር በኦሮምኛ፣ ከጎጃሞቹ ጋር በአማርኛ እያወራሁ፣ ለወላይታው ልጅ ደግሞ ሁለቱንም እየተረጎምሁ ከረምሁ። በባቲ ገበያ ያደገ ልጅ ለዚህ እንግዳ አይደለም።

ደበሎ ለባሹና ደረሳው

ተማሪ ወደ ጎንደር መጉረፍ የጀመረው ዛሬ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ የሚባል ነገር በአገራችን ሳይታወቅ ገና፣ ቅኔውን፣ ዜማውን፣ መጽሐፉን የሚሻ ወጣት ከጎጃም፣ ከትግራይ፣ ከሸዋና ከወሎ እየተነሣ በእግሩ ጎንደር ይገባ ነበር። በተለይም በአቋቋም ትምህርት የጎንደር በአታ ማስመስከሪያ ሆና የኖረች ደብር ናት። ያ ወጣት የሚለብሰው ደበሎ፣ የሚይዘው አኩፋዳ፣ የሚያድርባት የሣር ጎጆ ነበረች። በየደጁ እየቆመ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ውሻው ይጮህበታል፣ ባለቤቲቱ ግን ከምጣዱ ላይ ቁራሽ ታወጣለታለች። ስሙም የቆሎ ተማሪ ነው።

በኛ በወሎ በኩል ደግሞ ደረሳው አለ። ገታ፣ ዳና፣ ጀማ ንጉሥ የሚባሉትን የዕውቀት ስፍራዎች የማያውቅ የወሎ ሰው ጥቂት ነው። ደረሳው ኪታቡን ይዞ ከሩቅ አገር ይመጣና በሸኹ አጠገብ ጎጆ ቀልሶ፣ የመንደሩ ሰው በሚሰጠው እንጀራና ቂጣ እየኖረ ይቀራል። አያቴ በልጅነታቸው ለደረሶች እራት እንዲያደርሱ ይላኩ እንደ ነበር ሲያጫውቱኝ «እኛ ሳንበላ የደረሳው ይወጣ ነበር» ይሉ ነበር።

እንግዲህ አንባቢዬ ልብ ይበሉ፤ አንዱ በቤተ ክርስቲያን፣ ሌላው በመስጊድ የተማሩ ቢሆኑም አኗኗራቸው አንድ ነው። ሁለቱም ከወላጆቻቸው ርቀው፣ የማያውቁት ሰው በሰጣቸው እህል ተምረዋል። ሁለቱንም ያስተማረው መምህሩ ብቻ ሳይሆን ቁራሹን ያወጣችው ሴት ጭምር ናት። «የተማሪ እናት» የምትባለው ይህች ናት። ስሟ በመጽሐፍ ባይጻፍም እሷ ባትኖር መጽሐፉም ባልተጻፈ።

በበቅሎ የሄደው ትምህርት

በጎንደር የዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት ታሪክ የሚጀምረው በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲቋቋም ነው። ያቋቋመውም የኢትዮጵያ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ የእርዳታ ድርጅት ጋር ሆኖ ነበር። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በጣና ዳር በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ ሺዎችን ፈጅቷል። ሐኪሙ ከተማ ሆኖ በሽተኛ ሲጠብቅ፣ በሽተኛው መንገድ ላይ ሲቀር የታየ በመሆኑ፣ ወደ ገጠሩ የሚሄድ ባለሙያ ማሠልጠን እንደሚያስፈልግ ታመነበት።

የኮሌጁ አሠራር ከሌላው ይለይ ነበር። ጤና መኮንኑን፣ የኅብረተሰብ ነርሷንና ስለ ውሃ፣ ስለ መጸዳጃና ስለ ንጽሕና የሚሠራውን ባለሙያ በአንድነት ያሠለጥን ነበር። ሦስቱም በጎንደር ብቻ ተቀምጠው አይጨርሱም፤ እንደ ቆላ ድባ ወዳሉ ጤና ጣቢያዎች በቡድን ሆነው ይሄዱና ከመንደሩ ሰው ጋር እየኖሩ ይሠራሉ። አንዱ ሲያክም፣ አንዷ ወላዷን ስትጎበኝ፣ ሌላው ምንጩን ያጥራል። መንገድ በሌለበት በእግርና በበቅሎ ይኬድ ነበር።

ይህ ኮሌጅ በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት ከክፍሎቹ አንዱ ሆነ። በ1970ዎቹ መባቻ በምሥራቅ ጀርመን ከነበረው ከላይፕሲኩ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት ክፍል ተጨመረለት። በ1996 ዓ.ም. ደግሞ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ዛሬ በርካታ ግቢዎችና እጅግ ብዙ ተማሪዎች አሉት፤ በቡድን ወደ መንደር የመውጣቱ ልማድ ግን ከጤና ተማሪዎች ዘንድ አልጠፋም።

ከማደሪያ ጓደኞቼ አንዱ፣ የጅማው ልጅ፣ የጤና ተማሪ ነበር። በመጨረሻው ዓመት ለዚሁ የቡድን ሥልጠና ወጥቶ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ፣ ጫማው አልቆ አገኘሁት። ከቤት ወደ ቤት እየዞረ መጸዳጃ ሲቈጥር፣ ክትባት ያልተከተበ ልጅ ሲፈልግ ከርሟል። «እንዴት ነበር?» ብለው «ስለ መጸዳጃ ላስተምር ገብቼ ስለ እርሻ ተምሬ ወጣሁ። ምሳ ሳይሰጥ ያሰናበተኝ ቤት የለም» አለኝ። ያን ጊዜ አያቴ የነገሩኝ ትዝ አለኝ። ልብሱ ነጭ ካፖርት ቢሆንም የጅማው ልጅ በደምቢያ መንደር የቆሎ ተማሪ ነበር። ልዩነቱ አንድ ነው። የቆሎ ተማሪው ብድሩን የሚመልሰው ተምሮ ከጨረሰ በኋላ ነው፤ እሱ ግን እየበላ እየከፈለ ነበር።

የድስቱ ነገር

አሁን ወደ እናቲቱ ጥያቄ ልመለስ። እኔ ጎንደር በተማርሁበት ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ከከተማው ሰዎች ጋር ሆኖ «የጎንደር ቃል ኪዳን ቤተ ሰብ» የሚባል ሥራ ጀምሮ ነበር። ከሩቅ የመጣ ተማሪ ከአንድ የጎንደር ቤተ ሰብ ጋር ይገናኛል፤ ቤተ ሰቡም እንደ ልጁ ሊያየው፣ ተማሪውም እንደ ወላጅ ሊያከብራቸው ቃል ይገባባሉ። ለእኔ የደረሱኝ በአንድ ሰፈር የሚኖሩ ሽማግሌ ጡረተኛና ባለቤታቸው ናቸው። ሁለቱም ጠንካራ ክርስቲያኖች ናቸው። እኔ ሙስሊም ነኝ።

በመጀመሪያው ቀን ቡና ጠጥቼ፣ ዳቦ በልቼ፣ አፍሬ ወጣሁ። በሁለተኛው ጊዜ ስሄድ እትዬ (እንዲህ ነው የምጠራቸው) አዲስ ብረት ድስት ከእነ ወረቀቱ አሳዩኝ። «ይህ ያንተ ነው። ሌላ ነገር አይነካውም። ሥጋህንም ከአዲስ ዓለም ከእናንተው ሰው አስመጣልሃለሁ» አሉኝ። አዲስ ዓለም የጎንደር ሙስሊሞች ጥንታዊ ሰፈር ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ጊዜ ሙስሊሞች ለብቻቸው እንዲሰፍሩ ከተወሰነ ወዲህ የጎንደር ነጋዴዎች መኖሪያ ሆኖ ቆይቷል። በአዋጅ ተለይቶ የተከለለውን ሰፈርና የራሳቸውን ጓዳ እትዬ በአንድ ድስት አገናኟቸው።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ማለቂያና ኅዳር ላይ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን አልፎ እስከ ባቲ በደረሰ ጊዜ ስልክ ተቋረጠ። እናቴ፣ አባቴና ታናናሾቼ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ሳላውቅ ሳምንታት አለፉ። በዚያን ጊዜ ሽማግሌው በየማታው ሬዲዮናቸውን ከፍተው ያዳምጡና «ባቲ» የሚል ቃል የሰሙ እንደ ሆነ ደውለው ይነግሩኝ ነበር። ያልሰሙ እንደ ሆነም ደውለው «ዛሬ አልተጠራችም፤ አብሽር» ይሉኛል። «አብሽር» ማለትን የተማሩት ከእኔ ነው። በታኅሣሥ ወር የአባቴን ድምፅ በስልክ የሰማሁ ዕለት መጀመሪያ የደወልሁት ለእሳቸው ነው።

በዚያው ዓመት ረመዳንና ዐቢይ ጾም ተገናኙ። እትዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ እኔ እስከ ፀሐይ መጥለቂያ እንጾማለን። ለፋሲካ ዋዜማ ጠርተውኝ ብሄድ፣ ሁለት ዶሮ ገዝተው አንዱን ከቢላዋ ጋር ሰጡኝ። «ራስህ እረደው፣ እኔ በድስትህ እሠራዋለሁ» አሉኝ። እኔ ደግሞ በሕይወቴ ዶሮ አርጄ አላውቅም። ቢስሚላህ ብዬ ስጀምር ዶሮው አምልጦ በግቢው ሲዞር ሽማግሌው በጋቢያቸው ያዙት። እትዬ እንደ ልማዳቸው 12 ብልት አውጥተው ሠሩት። በማግሥቱ ሚያዝያ 16 ቀን ፋሲካ ሆነ። እነሱ ከሌሊቱ ጾማቸውን ገደፉ፤ እኔ ግን ጾመኛ ስለ ነበርሁ የእኔ ድስት ተከድኖ እስከ መግሪብ ቆየ። ፀሐይዋ እንደ ጠለቀች እትዬ ራሳቸው ቴምር አቀረቡልኝ።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ ማክሰኞ ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ጎንደር ላይ ክፉ ነገር ሆነ። በአንድ ሼኽ የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ በተነሣ ጥቃትና ግጭት ከ20 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎች ቆሰሉ፤ ንብረት ተዘረፈ፣ ተቃጠለ። ይህን የማነሣው ቁስል ለመቀስቀስ አይደለም። የባቲዋ እናት በሚገባ ሰምተውታል፤ በጥያቄያቸው ውስጥ ያለው ፍርሃትም ይኸው ነው። ባልጽፈው እውነተኛ መልስ አልሰጠኋቸውም።

በዚያን ቀን እኔ ገና ከእትዬ ቤት አልወጣሁም ነበር። ወሬው እንደ ተሰማ እትዬ የውጭውን በር ቀረቀሩ። ሽማግሌው አንድ በርጩማ አንሥተው ከበሩ ውጭ አስቀመጡ፤ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡ። «አባባ፣ ይግቡ» ብላቸው «እኔ ፀሐይ ልሞቅ ነው» አሉኝ። ሰማዩ ግን ደመና ነበር። እስኪመሽ ድረስ አልተነሡም። ማንም አልመጣም። ማታ እትዬ አፍጥር ብለው ድስቴን ጣዱ።

እንግዲህ ስለ ጎንደር የማውቀው ሁለቱንም ነው። በአንዲት ከተማ፣ በአንድ ቀን፣ አንዱ የሰው ቤት ሲያቃጥል ሌላው በሰው ልጅ ደጅ ላይ በርጩማ አስቀምጦ ሲጠብቅ አይቻለሁ። ስለ ከተማ የሚጠየቅ ሰው አንዱን ብቻ ቢናገር ውሸት ይሆንበታል።

ለወላጅና ለተማሪ

ከዚህ በኋላ ለወላጆች የምለው ይህ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገዱ እንደ ድሮው አይደለም። ልጅን ከመላክ በፊት ስለ መንገዱ መጠየቅ፣ ብቻዋን ሳይሆን ከሌሎች ተማሪዎች ጋር እንድትሄድ ማድረግ፣ በየደረሰችበት ከተማ የምትደውልለትን ሰው ቀድሞ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ይህን ማድረግ ፍርሃት አይደለም፣ ጥንቃቄ ነው።

ለሚሄዱት ተማሪዎች ደግሞ ሦስት ነገር አለኝ። አንደኛ፣ ጋቢ ያዙ። ሁለተኛ፣ በመጀመሪያው ወር የሚመጣውን ናፍቆት እንደ በሽታ አትቁጠሩት፤ ሁሉንም ይይዛል፣ ሁሉንም ይለቃል። ሦስተኛውና ዋናው፣ በግቢው አጥር ውስጥ ብቻ አትቀመጡ። አራት ዓመት ጎንደር ኖሮ ከግቢ በር እስከ አውቶቡስ ተራ ያለውን መንገድ ብቻ አውቆ የተመለሰ ተማሪ አውቃለሁ። ከተማውም እሱን አላወቀውም። ሕመም ሲይዘው የጠየቀው፣ ሐዘን ሲደርስበት ያጽናናው ሰው አልነበረም። ጥፋቱ የከተማው ብቻ አይመስለኝም፤ ቀድሞ ሰላም አላለምና። ሽማግሌ ስታዩ ዕቃቸውን ተቀበሉ፤ የጎረቤት ልጅ ሒሳብ ከብዶት ብታዩ አስጠኑት። ቁራሹን እየበላችሁ መክፈል ማለት ይህ ነው።

ለእኛ ለባቲ ሰዎችም አንድ ጥያቄ ልተው። ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከደቡብ ተመድበው ወደ ትምህርት ቤታችንና ወደ ጤና ጣቢያችን የሚመጡ ወጣት መምህራንና ነርሶች አሉ። በሰኞ ገበያ በመካከላችን ያልፋሉ። የእነሱም እናቶች «በባቲ ማን አለው?» እያሉ በሩቅ አገር ይጠይቃሉ። መልሱን የምንሰጠው እኛ ነን።

የሚቀጥለው ሰኞ

ከሰኞው በፊት ባለው ማታ ወደ ጎንደር ደወልሁ። እትዬ ድምፄን ሲሰሙ እንደ ልማዳቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ እናቴ ነው። ከዚያ ነገሩን አስረዳኋቸው። አንዲት ተማሪዬ ወደ ጎንደር እንደምትመጣ፣ እናቷም «ማን አላት?» ብለው እንደሚጨነቁ ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም አሉና «ድስቱ እኮ እንደ ተሰቀለ ነው» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

በሰኞው ገበያ እናቲቱን በዚያው ስፍራቸው አገኘኋቸው። የጻፍሁትን ሁሉ፣ የፋሲካውንም፣ የማክሰኞውንም፣ የድስቱንም ነገር አንድ በአንድ ነገርኋቸው። ስለ ማክሰኞው ስነግራቸው ፊታቸውን ወደ ቡናው አዙረው ፍሬውን በጣታቸው ይለቅሙ ጀመር። ስለ በርጩማው ስነግራቸው ቀና አሉ።

«ሽማግሌው አሁን ደኅና ናቸው?» አሉኝ።

«እግራቸውን ያማቸዋል እንጂ ደኅና ናቸው።»

ከዚያ በኋላ ስለ ልጃቸው ምንም አልተናገሩም። ጣሳቸውን አንሥተው ከጥሩው ቡና ሁለት ጊዜ ሰፈሩና በነጠላ ቁራጭ ቋጠሩት። በላዩ ላይ አንድ እፍኝ ዕጣን ጨመሩበት። ቋጠሮውን ለብቻው ወደ ጎን አስቀመጡት።

«ይህን ልጂቱ ይዛ ትሄዳለች። ለዚያች እናት ነው» አሉ።

ዋጋውን ልክፈል ብዬ እጄን ወደ ኪሴ ብሰድድ ተቆጡኝ።